ዘጠኝ ሰዓት በዋሃካ አደባባይ

እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ሰው የሚከበኝ ስለምወደድ አይደለም። ብስኩት ይዘው ነው የሚመጡት። "እትዬ፣ ይቺን እስቲ እዩልኝ፣ የጾም ናት?" ይሉኛል። እኔም መነጽሬን አፍንጫዬ ላይ አውርጄ ከፓኬቱ ጀርባ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አነባለሁ። የወተት ዱቄት በስንት ስም እንደሚደበቅ፣ የትኛው ዳቦ ላይ እንቁላል እንደሚቀባ፣ የትኛው ማርጋሪን ውስጥ የወተት ጭላጭ እንዳለ እዚህ ሜልበርን፣ ዌሪቢ ሰፈር ካሉት የሱፐርማርኬት ሠራተኞች ይልቅ እኔ አውቃለሁ። ወጣቶቹ ከኋላዬ "የጾም ፖሊስ" ይሉኛል። እሰማለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደስም ይለኛል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል። ሜክሲኮ የሚሄድ ሰው ከተገኘ፣ "ዋሃካ የሚባለው ከተማ ከሄድክ እሷን ጠይቃት" ተብሎ ወደ እኔ ይላካል። ባለፈው ሰሞን ትሩጋኒና ከሚባለው ሰፈር አንድ ባልና ሚስት ዋይንድሃም ቬል እስካለው ቤቴ ድረስ መጥተው፣ በአሮጌው ከተማ መሃል የት እንደሚበላና የት እንደሚጠጣ ወረቀት ላይ ጽፌ እንድሰጣቸው ለመኑኝ። ጻፍኩላቸው። ከመጻፌ በፊት ግን ለማንም የምነግረውን ለእነሱም ነገርኳቸው፤ የጾም ፖሊሷ ራሷ እዚያ ከተማ በገባች በመጀመሪያው ቀን የአሳማ ስብ ጥርግ አድርጋ በልታለች፣ ጨምሩልኝም ብላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ አለችኝ። ሱዳን ተወልዳ፣ ሜልበርን አድጋ፣ ነርስ ሆናለች። አባቷ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የሜክሲኮ ሰው ይዛ ቤት መጣች፤ የባቡር መሐንዲስ ነው፣ ረጋ ያለ፣ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ። ሽሮዬን በልቶ ሲያበቃ ሳህኑን በእንጀራ ጠረገው። እኔ ደግሞ ሳህን የሚጠርግ ሰው ላይ ክፉ ማሰብ አልችልም። "እማማ" ብሎ ጠራኝ፣ እኔም "አቤት" አልኩ፣ በዚያው አለቀ።

ቀለበት ካሰሩ በኋላ እናቶቹ መተያየት ነበረብን። የእሱ እናት ዋሃካ ከተማ መሃል ትንሽ ምግብ ቤት አላት፣ ዘጠና ያለፋቸውን እናቷንም ትጦራለች፤ ትታ መምጣት አልሆነላትም። ስለዚህ እኛ ልንሄድ ሆነ። የልጄ የዓመት ፈቃድ የወጣው ታኅሣሥ ላይ ነው። ታኅሣሥ ደግሞ የነቢያት ጾም ነው። ፈረንጅ ገናውን ሲያከብር እኛ ገና ጾም ላይ ነን። ይህ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ዌሪቢ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ በየዓመቱ ለገናቸው ለስልሳ ሰው የተርኪና የአሳማ ጥብስ እጠብሳለሁ። ጣቴን እንኳ ልሼ አላውቅም። ግን የሥራ ቦታ ሌላ፣ የልጅ አማት ቤት ሌላ።

ወደ ኤርፖርት ስንሄድ ልጄ መኪናውን እየነዳች፣ "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ጀስት ዋንስ" አለችኝ። "እናቱ ሼፍ ናት። ያላትን ሁሉ ለአንቺ ነው የምትሠራው። ካልበላሽላት ሺ ዊል ኔቨር ፎርጌት ኢት። እህል ሳይቀማመሱ ዝምድና የለም እያልሽ አይደል ያሳደግሽኝ?"

በገዛ ቃሌ ያዘችኝ። እውነቷን ነው። እዚህ አገር እንደመጣሁ አንድ ቅዳሜ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ለጎረቤቴ ወስጄላት ነበር። በማግስቱ ዳቦውን እንዳለ፣ በፎይሉ እንደተጠቀለለ፣ ቆሻሻ መጣያዋ ውስጥ አየሁት። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስከ ዛሬ በዚያ ሰፈር ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ያልተበላለት ሰው ምን እንደሚሰማው የሚነግረኝ አያስፈልገኝም። የእኔ አንዲት ልጅ ደግሞ ዕድሜ ልኳን "እናቷ ያልበላችው ልጅ" ተብላ በዚያች ሴት ዓይን እንድትታይ አልፈልግም።

ጾሜንስ? ወደዚህ አገር ስመጣ ብዙ ነገር ለውጫለሁ። ልብሴን ለውጫለሁ፣ ጤፉን ከሩዝ ዱቄት ቀላቅያለሁ፣ ልጄ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ስትመልስልኝ፣ ዘጠኝ ሰዓት ስላት "ስሪ ኦክሎክ" ብላ ስታርመኝ ዝም ብያለሁ። ጾሜን ግን አልነካሁትም። ከእናቴ ቤት ይዤው ወጥቼ ያልተሰበረ አንድ ዕቃ ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

"እጾማለሁ፤ ከሴትዮዋም ጋር እዛመዳለሁ" አልኳት።

"ሃው?"

"እሱን ለእኔ ተዪው።" እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅም ነበር።

ዋሃካ ቤቶቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ ግድግዳቸው በቀይና በቢጫ ቀለም የተቀባ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ አረንጓዴ በሚመስል ድንጋይ የታነጹ ከተማ ነው። መሃሉ ላይ ትልልቅ ዛፎች ያጠሉበት አደባባይ አለ፤ ከአጠገቡ ካቴድራሉ። የልጄ አማት ምግብ ቤት ከአደባባዩ ጀርባ ነው፤ ስድስት ጠረጴዛ ብቻ። እሷ አጠር ያለች፣ ክንዷ የጠነከረ፣ ከፊትህ በፊት ሳህንህን የምታይ ሴት ናት። ቁርጥ እኔን መሰለችኝ። ይህ ደግሞ አስፈራኝ።

የደረስን ቀን ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። እዚያ አገር ትልቁ ምሳ የሚበላው ልክ ያኔ ነው፤ ለጿሚ የተመቸ አገር ነው ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። ሞሌ የሚሉትን ጥቁር ወጥ በዶሮ አቀረበች። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አንገቴን ሰበርኩ፤ ልጇም አስረዳልኝ። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ቅቤውን እኔው ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ። የኛ ሰው ጾም ሲሆን የሚፈራው ቅቤን ነውና። የአሳማ ስብ ወጥ ውስጥ ይገባል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አበሻ ገና አልተወለደም። እኔም አልጠየቅሁም፣ እነሱም አልዋሹኝም።

ተፈጭቶ እንደ ሽሮ የለሰለሰ ጥቁር ባቄላ፣ ቶርቲያ ከሚሉት ስስ የበቆሎ ቂጣ ጋር አመጣችልኝ። አቤት ሲጣፍጥ! አፍ ውስጥ ይቀልጣል። ጨመረችልኝ፣ በላሁ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ልጄ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጨበጥ ስታደርገኝ፣ "አላልኩሽም?" አልኳት። ሦስት ቀን እንዲህ ኖርን። ሦስት ቀን ሙሉ በጾም ብልሃቴ እየኮራሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባቄላዬን በላሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ቁጭ ብሎ መዋል ስለማይሆንልኝ ላግዛት ወጥ ቤቷ ገባሁ። ከአንድ ነጭ ባልዲ በትልቅ ማንኪያ ነጭ ነገር ዛቅ አድርጋ የጋለ ድስት ላይ ጣለች። ሽታው መጣ። በየሳምንቱ መጨረሻ ለአረጋውያኑ ቤከን የሚሉትን የአሳማ ሥጋ የምጠብስ ሴት ነኝ፤ ያንን ሽታ እንቅልፍ ላይ ሆኜም አውቀዋለሁ። ከዚያ ባቄላውን ከላይ ገለበጠችበት።

ያደረግሁትን ለመናገር ዛሬም አፍራለሁ። "በስመ አብ!" ብዬ አማተብኩና፣ እዚያው ሳህን ማጠቢያዋ ውስጥ እንትፍ አልኩ። አንዴም አይደለም። ከዚያ እሷን በማንኪያዋ እንደቆመች ትቻት ወጣሁ።

ልጄ የተከራየንበት ቤት የመጣችው ዓይኗ አብጦ ነው። "ልመርዛት የፈለግሁ መስሏት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ" አለች። "ማሚ፣ ኪችኗ ውስጥ ነው የተፋሽው።" እጮኛዋ ከኋላዋ ቆሟል። ጫማውን ያያል፤ ያ የሚስቅ ልጅ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለኔ ነው። ጾሜም ተገድፏል፣ ዝምድናውም ፈርሷል።

አመሻሹ ላይ ሜልበርን ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። እዚያ በማግስቱ ጠዋት ነው።

"አባ፣ ረከስኩ" አልኳቸው፤ ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

ሰምተው ሲያበቁ፣ "ሳታውቂ የበላሽውን ለእኔ ተዪው" አሉኝ። "የተፋሽውስ? እሱንም ሳታውቂ ነው?"

እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ።

"ጾሙ የታዘዘው ከሥጋ ነው ወይስ ከሰው?"

"ከሥጋ ነው አባ።"

"እንግዲያው ቀኖናሽን ስሚ። ስግደት አላዝሽም፣ የጉልበትሽን ነገር አውቀዋለሁ። ሴትዮዋ ዘንድ ተመልሰሽ ሂጂና ከእጇ ብዪ። ጾምሽንም እንዳትገድፊ።"

"ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት ይሆናሉ?"

"እኔ ቄስ ነኝ ልጄ፣ ወጥ ሠሪዋ አንቺ ነሽ" ብለው ስልኩን ዘጉት።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት የተፈጥሮ ጠባዬ ነው። ይቅርታ ከመጠየቅ ማሳ ሙሉ ሽንኩርት ብልጥ ይሻለኛል። ግን ቀኖና ቀኖና ነው። በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ሄድኩ። ጀርባዋን ሰጥታ ትከትፋለች፤ ማን እንደገባ አውቃለች፣ ቢላዋዋ ፈጠነ። ከመንጠቆው ላይ ሽርጥ አውርጄ አሰርኩና፣ የተፋሁበትን ሳህን ማጠቢያ በሳሙና ማሸት ጀመርኩ። እሱን ሳበቃ ድስቶቹን፣ ድስቶቹን ሳበቃ ወለሉን። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ሳህን ነጭ ሽንኩርት አምጥታ ከፊቴ ዘጭ አደረገችው፤ ላጪ ማለቷ ነው። ወጥ ቤት የሚሠራ ሰው ያውቃል፤ ሥራ ከተሰጠህ አልተባረርክም።

ነጭ ሽንኩርቱን ልጬ ስጨርስ ትእዛዝ የምትጽፍበትን ወረቀት ለምኜ ሥዕል ሣልኩላት። ላም ሣልኩ፣ በላዩ ሰረዝኩበት። ዶሮና እንቁላል፤ ሰረዝኩ። አሳማ ሣልኩ፤ ውሻ መሰለ። ብዕሩን ከእጄ ወስዳ ጭራውን ጠቅልላ አስተካከለችልኝና፣ ራሷ ሰረዘችው። ነጩን ባልዲ አሳየችኝ፣ ደረቷን መታች፣ አላወቅሁም ማለቷ ነው። እኔም ደረቴን መታሁ። ከዚያ ዓሣ ሣለችና ቅንድቧን አነሳች። ሰረዝኩት። ፌንጣ ሣለች፤ እዚያ አገር ለካ ተጠብሶ ይበላል። ይኼኛው አፋጠጠኝ፤ ግራ ገብቶኝ ሳቅሁ፣ እሷም ሳቀች። በመጨረሻ ሰዓት ሣልኩና ዘንጉን ሦስት ላይ አድርጌ፣ እስከዚያ ድረስ አፌን በጣቴ ዘጋሁ። ወረቀቱን ብዙ አየችው። አማተበች። ሽርጧን አወለቀች፣ በሥራ ቀን የምግብ ቤቷን በር ዘጋች፣ እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

እንግዲህ የት እንደሚበላ ለሚጠይቁኝ ወረቀት ላይ የምጽፈው ያን ቀን ያየሁትን ነው። ከአደባባዩ ተነስቶ ትንሽ ወደ ደቡብ ሲኬድ ጣሪያ ያላቸው ትልልቅ ገበያዎች አሉ። በአንደኛው ውስጥ በግራና በቀኝ ሥጋ ብቻ የሚጠበስበት፣ ጭሱ ዓይን የሚያስነባ መተላለፊያ አለ፤ ጿሚ ሰው ትንፋሹን ይዞ ቶሎ ይለፍ። ከዚያ ወዲያ ነው የኛ አገር። የልጄ አማት በየመደቡ ቆማ ጣቷን ቀስራ "ማንቴካ?" ትላለች፤ የአሳማውን ስብ ነው። "የለም" ያለ ሻጭ ዝም ብሎ አይታመንም፤ ክዳኑን ራሷ ከፍታ ታሸታለች። አንዷ ሴትዮ ስታመነታ ምን እንዳለቻት እንጃ፣ ሴትዮዋ ፊቷ ቀልቶ የታጠበ ምጣድ አወጣች። ፖሊስ ነኝ ስል የኖርኩ ሰው፣ ኮሚሽነሯን ያገኘሁት ዋሃካ ገበያ ውስጥ ነው።

የዱባ አበባና እንጉዳይ በትኩስ የበቆሎ ሊጥ ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ሲበስል ገዛን፤ አይቡን አስቀርታ። እሾሁ ተላጭቶ በጨውና በሎሚ የተጠበሰ የቁልቋል ቅጠል ገዛን። እኛ አገር አጥር የሚሆነው ለካ ይበላል። አቮካዶ ገዛን፣ በሎሚና በሚጥሚጣ የታሸ የበቆሎ እሸት ገዛን። የፌንጣ ቁልል ፊት ስንደርስ ቀና ብላ አየችኝ። በኋላ ልጄ ስትሰማ፣ "መጥምቁ ዮሐንስ አንበጣ በልቶ የለ?" ብላ ተከራከረችኝ። እሱ በረሃ ነበር፣ እኔ ገበያ ነኝ አልኳት።

ሁሉም ዘንቢል ገባ እንጂ አፋችን አልገባም። አደባባዩ ላይ፣ ከዛፍ ሥር፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሰዓቱ ገና ነው። ከዘንቢሉ የትኩስ በቆሎ ሽታ ይወጣል። አንቺስ ብዪ እንጂ ብዬ በእጄ አመለከትኳት። ጭንቅላቷን ነቀነቀችና የካቴድራሉን ሰዓት አሳየችኝ። ለካ እሷም ከጠዋት ጀምሮ ቡና እንኳ አልቀመሰችም። ለእሷ ጾም አይደለም፣ ማንም አላዘዛትም፤ ብቻዬን እንዳልራብ ብላ ነው። አንጀቴን በላችው። ትናንት ወጥ ቤቷ ውስጥ የተፋሁባት ሴት ናት እኮ።

ደወሉ ሦስት ጊዜ መታ። ጨርቅ ዘረጋች፣ የዱባ አበባውን ቆርሳ ሰጠችኝ። ከእጇ በላሁ። ቀኖናዬን እዚያ አደባባይ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ፈጸምኩ። ፊኛ የሚሸጠው ሰውዬ ሁለት ጠና ያሉ ሴቶች እያለቀሱ በቆሎ ሲበሉ አይቶ ምን እንዳለ አላውቅም።

ከበላን በኋላ መጠጡ ሆነ። ካካዎ የሚሉትን የቸኮሌት ፍሬ ከለውዝና ከቀረፋ ጋር ደንበኛው ፊት የሚፈጩ ቤቶች አሉ፤ መንገዱ ሁሉ ይሸታል። "በወተት ወይስ በውሃ?" ብለው ይጠይቃሉ። በውሃ በሉ። በእንጨት መማሰያ በመዳፋቸው መሃል እያሾሩ አረፋ ያወጡለታል፤ ከዚያ ወዲህ የሱቅ ቸኮሌት አፌ አይገባም። ቴሃቴ የሚሉት ደግሞ ከበቆሎና ከካካዎ የሚበጠበጥ ቀዝቃዛ መጠጥ ነው፤ ሴቶቹ እስከ ክርናቸው ገብተው ያሹታል፣ በቅል ይቀዱታል። በቅል መጠጣት የሚያስተምረኝ ሰው የለም፤ ሁለት ቅል ጠጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከሚሸጠው አይስክሬም መሰል በረዶ ቀዩን የበለስ ብሉ፤ እሱ በውሃ ነው፣ ነጩ ግን በወተት ነው። ሜስካል የሚባለው ከቃጫ መሰል ተክል የሚወጣ አረቄ ነው። እሱን ስለመጠጣቴ ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፣ ለሌላ ሰው አልናገርም።

በየቀኑ እንዲህ ሆንን። ጠዋት በወጥ ቤቷ ሥራ፣ ዘጠኝ ሰዓት በአደባባዩ ወንበር። ትልቁ ፈተና ግን ከፊት ነበር፤ የገናቸው ዋዜማ ግብዣ። ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰብበት፣ ልጄ ለቤተሰቡ የምትታይበት ማዕድ እሱ ነው። እዚያ ማዕድ ላይ አቮካዶ ይዤ ጥግ ብቀመጥ፣ ቀኖናዬን ፈጸምኩ ማለት ምን ዋጋ አለው? ልጄ ምንም አትበል እንጂ እንቅልፍ እንዳጣች ፊቷ ላይ አይ ነበር።

አማቷ ሦስት ቀን ሲቀረው ውሳኔዋን ተናገረች። ጥቁሩን ሞሌ ራሱን፣ ያለ አሳማ ስብና ያለ ዶሮ መረቅ ልትሠራው ነው። ልጇ ሳቀ። "እማማ፣ ያለ ማንቴካ ሞሌ አይሆንም። ኢምፖሲብል" አለኝ። እናቱ በማንኪያ ክንዱን መታችው።

ሁለት ቀን ሠራን። ሦስት ዓይነት በርበሬ እስኪጠቁር አሳረርን፤ በር ከፍተን ሁለታችንም አነጠስን፣ ጎረቤት ሳይቀር አነጠሰ። ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ዘቢብ፣ ሙዝ፣ ቲማቲም ጠበስን፤ ሁሉንም በዘይት። በዶሮ መረቅ ፈንታ እንጉዳይና ነጭ ሽንኩርት ቀቅለን ውሃውን አጠለልን። ማወፈሪያ የሚሆን ዳቦ ልትጨምር ስታነሳ እጇን ያዝኳት። ዳቦው ቢጫ ነው። እኔ ደግሞ ቢጫ ዳቦ አላምንም። እንቁላል ሣልኩላት። ግንባሯን በመዳፏ መታች፤ ዳቦውን ጥላ ቶርቲያ አሳረረችበት። የሃያ ዓመት የብስኩት ፓኬት ንባብ ለዚያች ደቂቃ ነበር የተማርኩት።

የዋዜማው ቀን ማዕዱ በጊዜ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ተዘረጋ፤ ትልቋ እናት ቶሎ ስለሚተኙ። ዘጠና ያለፋቸው፣ አጥንታቸው የቀረ፣ ግን በዚያ ቤት ስለ ሞሌ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ያልወደዱት ሞሌ ሁለተኛ አይቀርብም አሉኝ። ሁለት ድስት ነበር፤ አንዱ እንደ ልማዱ በስብ ተሠርቶ ተርኪ የገባበት፣ ሌላው የኛ፣ ድንችና ዱባና እንጉዳይ የገባበት። ለትልቋ እናት ማንም ምንም አልነገራቸውም። ወደ ሃያ ሰው ተቀምጧል። የልጄ አማት ከኛ ድስት ጨለፈችና፣ ዓይኗን ሳትሰብር እናቷ ፊት አስቀመጠችው። ልጇ "ማማ" ብሎ ሊነሳ ሲል በዓይኗ አስቀመጠችው።

አሮጊቷ ቶርቲያ አጥቅሰው ጎረሱ። አላመጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጄ እጄን ይዛለች፤ ጥፍሯ ይወጋኛል። እኔ በልቤ፣ "እመቤቴ ሆይ፣ አታሳፍሪን" እላለሁ።

አሮጊቷ ዓይናቸውን ገልጠው አንድ ነገር ጠየቁ። እጮኛዋ ለልጄ፣ ልጄ ለእኔ ነገረችኝ፤ "ማነው የሠራው?" ነው ያሉት።

የልጄ አማት እኔንም ራሷንም አመለከተች።

አሮጊቷ ብዙ ተናገሩ። የልጄ እጮኛ ተረጎመልን። "እናቴ ቤት በልጅነቴ፣ የገና ዋዜማ ጾም ነበር። ጌታ እስኪወለድ ስብ እሳት ላይ አይወጣም። የእናቴ ሞሌ እንዲህ ነበር። እሷ ከሞተች ጀምሮ እንደዚህ ዓይነት አልቀመስኩም" ነው ያሉት።

የልጄ አማት ጭልፋዋን እንደያዘች ቀረች። ዕድሜዋን ሙሉ ሞሌ ስትሠራ እናቷ ይህንን ነግረዋት አያውቁም። ፊቷን በሽርጧ ሸፍና አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ ሳቀች። አሮጊቷም ሳህናቸውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው በመሃላችን አስቀመጡት። ከአንድ ሳህን በላን። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ቶርቲያውን ይዞ ወደኛ ድስት መጣ። ተርኪው ግማሹ ሳይነካ አደረ። ኢምፖሲብል ያለኝ ልጅ የድስቱን ቂጥ ሲጠርግ ያዝኩት። "ጥሩ ነው?" አልኩት። አፉ ሙሉ ስለነበር ራሱን ብቻ ነቀነቀ። አሸነፍን ብዬ ጮኼ ነበር፣ በአማርኛ፤ ሁሉም ሰው የገባው ይመስለኛል።

የመጨረሻችን ቀን ገናቸው ካለፈ በኋላ ነበር። የልጄ አማት ምግብ ቤቷን ከፍታለች፣ እኔና ልጄ ብቻችንን ገበያ ወጣን። ከጭሱ መተላለፊያ ስናልፍ ጀምሮ ሻጮቹ አወቁኝ። "ያለ ማንቴካ! ያለ ማንቴካ!" እያሉ ከየመደቡ ይጮሁልኛል፤ እኔም እንደ ሹም እጄን እያነሳሁ አልፋለሁ። አደባባዩ አጠገብ ከዱባ አበባ ሻጯ ፊት ቆምን። ልጄ በእስፓኝኛ አዘዘች፤ ሁለት ጣቷን አነሳች፣ ማንቴካ እንዳይኖረው፣ አይብም እንዳይኖረው።

ልጄ ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ጾማ አታውቅም። እኔም ተናግሬ ተናግሬ ትቼው ነበር።

"ለአንቺ አይብ ይግባበት እንጂ" አልኳት።

"ኖ፣ ማሚ።"

ዘንቢሉን ይዘን ወንበሩ ላይ ተቀመጥን። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም ነበር፤ አሁን ገና ልብ አልኩ። የካቴድራሉን ሰዓት ቀና ብላ አየች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ስትቆጥር ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

"እማ፣ ለዘጠኝ ሰዓት ስንት ደቂቃ ቀረው?" አለችኝ፣ በአማርኛ።

"ሰባት ደቂቃ" አልኳት።